ከፌርፋክስ እስከ ያንጋ

ወደ ሎስ አንጀለስ የሚመጣ ኢትዮጵያዊ፣ የመጣበት ጉዳይ ንግድም ይሁን ትምህርት ወይም የዘመድ ጥየቃ፣ ውሎ አድሮ እግሩ ወደ ፌርፋክስ አቬኑ ሳይመራው አይቀርም፤ ከኦሊምፒክ ቡልቫርድ ወደ ደቡብ በሚወርደው በዚያ አጭር ጎዳና የተቆላ ቡናና የእጣን መዓዛ ሲቀበለው፣ ከየሱቁ በር በላይ በአገሩ ፊደል የተጻፈው ማስታወቂያ ሲነበብለት፣ በመስኮቱም ውስጥ መሶብና ጀበና፣ ነጠላና የብራና ሥዕል ተደርድሮ ሲያይ፣ ከአገር የራቀ ሰው በልቡ የሚሸከመው ባይተዋርነት ለጥቂት ሰዓት እንኳ ይቀልለታልና። የከተማው ምክር ቤት ይህን ሰፈር በ2002 (ዓመታቱን ሁሉ በዚያው አገር አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲጠራ የወሰነው፣ በደርግ ዘመን የተሰደዱት ወገኖቻችን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ምግብ ቤትና ሱቅ እየከፈቱ፣ ቀድሞ የአይሁድ ነጋዴዎች ይበዙበት የነበረውን መንገድ በላባቸው አዲስ መልክ ከሰጡት በኋላ ነው። በዚህ ጎዳና በተመላለስሁበት ወቅት የወገኖቼ ትጋት ደስ ሲያሰኘኝ፣ ከደስታዬ ጋር አንድ ጥያቄ አብሮኝ ይሄድ ነበር፤ ይኸውም ከእኛ በፊት አይሁድ ከነበሩ፣ ከአይሁድም በፊት ሌሎች ከነበሩ፣ ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ምድር ላይ ርስት የነበራቸው እነማን ናቸው፣ ልጆቻቸውስ ዛሬ ወዴት አሉ የሚል ነው።

የመጀመሪያውን መልስ ያገኘሁት ሩቅ ሳልሄድ ነው። በዚያው በፌርፋክስ ወደ ሰሜን ወጥቶ በዊልሸር ቡልቫርድ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ እግረኛ፣ የመኪናውንና የሥዕሉን ቤተ መዘክር አልፎ፣ ላ ብሬያ ከሚባለው የሬንጅ ኩሬ ይደርሳል። ጥቁሩ ሬንጅ በዚህ ስፍራ ከምድር ሆድ እየፈላ መውጣት ከጀመረ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዘመን ሆኖታል፤ ውኃ መስሏቸው የገቡበትን ወይም የተያዘውን ለመብላት የተከተሉትን አራዊት እየያዘ አስቀርቶ፣ ዛሬ ዘራቸው ከምድር የጠፋ ተኩላዎችንና ዝሆን መሰል እንስሳትን አፅም ጠብቆ አቆይቷል። ከዚያ ሁሉ መካከል የተገኘው የሰው አፅም ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በ1914 የወጣው፣ ከ9,000 ዓመት በላይ እንደ ሆነው የሚገመተው፣ የአንዲት ወጣት ሴት አፅም ነው። ጐብኚው ሁሉ ስለ አውሬው ሲጠይቅ፣ ስለዚህች ሴት ወገኖች የሚጠይቅ ጥቂት መሆኑን ታዘብሁ። የዚህ ሜዳ ጥንተ ነዋሪዎች ቶንግቫ የሚባሉት ሕዝብ፣ ሬንጁን እየሰበሰቡ ቲያት የሚሉትን የሳንቃ ጀልባ መጋጠሚያ ይደፍኑበት ነበር፤ በዚያም ጀልባ ባሕሩን ተሻግረው፣ ዛሬ ሳንታ ካታሊና ከሚባለው፣ እነርሱ ፒሙ ብለው ከሚጠሩት ደሴት ጋር ይነግዱ ነበር። በጀልባ ሥራ የታወቀው ይህ ሕዝብ ትምህርት አልባ ተደርጎ የተገመተው፣ መጻሕፍቱ በብራና ሳይሆን በሽማግሌዎች ቃል የተጻፉ ስለ ነበሩ ብቻ ነው።

ዛሬ የመንግሥት ሕንፃዎችና የባቡሩ ጣቢያ በቆሙበት በመሐል ከተማው አካባቢ፣ ቶንግቫዎች ያንጋ የሚባል ትልቅ መንደር ነበራቸው። እስፓኞች በሴፕቴምበር 4 ቀን 1781 ሎስ አንጀለስን ሲቈረቍሩ ያመጧቸው 44 ሰፋሪዎች (ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት የአፍሪካ ደም ያለባቸው መሆኑን ስሰማ እጅግ ተደንቄአለሁ) ቤታቸውን የሠሩት በዚሁ መንደር አጠገብ ነው፤ እርሻቸውንም ያለሙት በመንደሩ ሰዎች ጉልበት ነው። ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1771፣ የፍራንቸስኮስ ማኅበር መነኮሳት ከከተማው በስተ ምሥራቅ የቅዱስ ገብርኤልን የስብከት ቤት፣ ሳን ጋብሪኤልን፣ መሥርተው ነበር። በመልአኩ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ለአንድ የተዋሕዶ ልጅ ባዕድ አይደለምና፣ ወደዚያ የሄድሁት በመሳለም መንፈስ ነው፤ ነገር ግን በግቢው ውስጥ 6,000 ያህል የአገሩ ተወላጆች መቀበራቸውን ሳስብ፣ ጸሎቴ የደስታ ሳይሆን የፍትሐት ሆነብኝ። የተጠመቀው ሰው አዲስ ስም ተሰጥቶት፣ ወደ መንደሩ ያለ ፈቃድ እንዳይመለስ ተከልክሎ፣ ያላገቡት ልጃገረዶች ከእናቶቻቸው ተለይተው በተዘጋ ቤት እንዲያድሩ ተደርጎ፣ ሰውነቱ የማያውቀው በሽታም ከእንግዶቹ ጋር መጥቶበት፣ በሁለት ትውልድ ውስጥ ሕዝቡ አለቀ ለማለት ጥቂት ቀረው።

በ1785 ቶይፑሪና የምትባል፣ በሕዝቧ ዘንድ በመንፈሳዊ ኃይሏ የምትፈራና የምትከበር ወጣት ሴት፣ ተጠምቆ በስብከቱ ቤት ይኖር ከነበረው ከኒኮላስ ሆሴ ጋር መክራ፣ የብዙ መንደር ሰዎችን አስተባብራ በስብከት ቤቱ ላይ ተነሣች፤ ምክሩ አስቀድሞ ተሰምቶ ኖሮ ሌሊቱን ተያዙ። በምርመራው ጊዜ ኒኮላስ ሆሴ የተናገረው ቅሬታ እስከ ዛሬ በመዝገብ ይገኛል፤ ያስቈጣው፣ የተጠመቁት ሰዎች የአባቶቻቸውን ሥርዓተ ጭፈራ እንዳይፈጽሙ መከልከላቸው ነበር፤ ያም ጭፈራ የሙታን መታሰቢያ የሚከናወንበት፣ ሐዘንተኛው ወደ ሕያዋን ኅብረት የሚመለስበት ሥርዓት ነው። ቶይፑሪና መጀመሪያ ሬጂና ሆሴፋ ተብላ ተጠመቀች፤ በኋላም ከአገሯ ርቃ ወደ ሰሜን ተጋዘች፤ በ1799ም በዚያው በግዞት ምድር አረፈች።

ይህን ታሪክ ከበሮና ጽናጽል በማይለየው ቤተ መቅደስ ያደገ ሰው ያለ ሐዘን ሊሰማው አይችልም። የእኛ አበው ማኅሌቱን ሲሠሩ የሕዝቡን ከበሮ ከደጀ ሰላም ውጭ አልጣሉትም፤ ይልቁንም ወደ ውስጥ አግብተው ለምስጋና አዋሉት፤ ጭብጨባውንና ሽብሸባውንም የያሬድ ዜማ እንዲመራው አደረጉ። ለአንድ የጎጃም ወይም የሸዋ ገበሬ «ከእንግዲህ ለአባትህ አርባውን አታወጣም፣ ተዝካሩንም አትደግስም» ብሎ ወንጌልን ሊሰብክለት የሚመጣ ቢኖር፣ ገበሬው ወንጌሉን ከመስማቱ በፊት ሰባኪውን ከደጁ ይመልሰዋል፤ ብድሩን የሚከፍለው በሙታኑ ፊት ነውና። የሳን ጋብሪኤል መነኮሳት ብዙዎቹ በእምነታቸው ቅን ሰዎች እንደ ነበሩ አልጠራጠርም፤ ቅንነት ብቻውን ግን ሰው ወደ ሌላው ሰው ቤት እንዴት እንደሚገባ አያስተምርም።

እስፓኞች ሄደው፣ ሜክሲኮዎች ሄደው፣ አሜሪካኖች ሲመጡ ነገሩ ከፋ። ካሊፎርኒያ በ1850 «ስለ ሕንዶች አስተዳደርና ጥበቃ» (ሕንድ የሚሉት የአገሩን ተወላጅ ነው) ብላ ያወጣችው ሕግ፣ ሥራ ፈት ወይም ሰካራም ነው ተብሎ የተያዘ የአገሩ ተወላጅ ለግል አሠሪ በጨረታ እንዲሰጥ ይፈቅድ ነበር። በሎስ አንጀለስም በዚያው ዓመት ደንብ ወጥቶ፣ እሑድ ማታ በተያዙት ሰዎች ላይ ሰኞ ለሳምንት ሥራ ይጫረቱባቸው ጀመር፤ የሳምንቱ ዋጋቸው ብዙ ጊዜ በአረቄ ስለሚከፈላቸው ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ እንደ ገና ይያዙ ነበር። በየሳምንቱ እንዲህ ሲዞር የሚኖር ሰው ስንት ዓመት ሊቆይ እንደሚችል አንባቢዬ ራሱ ይፍረድ። ከካሊፎርኒያ ነባር ሕዝቦች ጋር በ1851 እና በ1852 የተፈረሙትን 18 ውሎችም የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሳያጸድቃቸው በምሥጢር አሽጎ እስከ 1905 ደበቃቸው፤ ቶንግቫዎች እስከ ዛሬ በፌዴራሉ መንግሥት ዘንድ የታወቀ መሬትና ማዕርግ የላቸውም።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው መከራ በልጆች ላይ ያነጣጠረ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ስለ ነባሩ ሕዝብ ወጣቶች ለሚደረገው ሥራ ሁሉ ቁልፉ እርሱ ነው። በ1879 በፔንሲልቫኒያ የተከፈተው የካርላይል ትምህርት ቤት ሥርዓት፣ ልጁን ከወላጆቹ አርቆ፣ ጠጕሩን ሸልቶ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲናገር እየቀጣ «ማሠልጠን» ነበር፤ በካሊፎርኒያም በዚያው አምሳል የተቋቋመው የሸርማን ትምህርት ቤት በ1902 በሪቨርሳይድ በሩን ከፈተ። አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ሲዳከሙ ደግሞ የማደጎው ዘመን መጣ፤ በ1970ዎቹ የተደረገ ጥናት ከነባሩ ሕዝብ ልጆች መካከል ከመቶ 25 እስከ 35 የሚደርሱት ከቤተሰባቸው ተወስደው እንደ ነበረ አሳየ፤ አብዛኞቹም የተሰጡት ለባዕድ ቤት ነበር። ይህ ጥናት ነው በ1978 የሕንድ ሕፃናት ደኅንነት ሕግ እንዲወጣ ያደረገው፤ ሕጉም ልጅ ከቤቱ የግድ መውጣት ካለበት መጀመሪያ ዘመዱ፣ ቀጥሎ ወገኑ እንዲቀበለው ያዝዛል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2023 ሕጉ እንዲጸና በ7 ድምፅ በ2 ላይ ወስኗል።

የሎስ አንጀለስ ነባር ሕዝብ ግን ቶንግቫ ብቻ አይደለም። መንግሥት በ1952 ጀምሮ፣ በ1956ም በሕግ አጽንቶ፣ በየክልላቸው በድኽነት የሚኖሩትን የናቫሆ፣ የላኮታ፣ የቼሮኪና የሌሎችንም ሕዝቦች ወጣቶች የመሄጃ ቲኬት ብቻ እየሰጠ ወደ ታላላቅ ከተሞች ሲያዛውር፣ ዋነኛ መድረሻ ካደረጋቸው ከተሞች አንዷ ይህች ነበረች። ሥራና ቤት እናገኛለን ብለው መጥተው፣ ለጥቂት ሳምንት ከተደጐሙ በኋላ ለራሳቸው የተተዉ ብዙዎች ናቸው፤ በዚህም ምክንያት ሎስ አንጀለስ ካውንቲ በአገሩ ካሉት ካውንቲዎች ሁሉ የሚበልጥ የነባር ሕዝብ ብዛት ያለበት ሆነ። ሆኖም «ይህ የእነርሱ ነው» የሚባል ጎዳና የለም፤ በሰፊው ከተማ ሁሉ ተበትነው፣ ብዙዎቹም የእስፓኝ ስም ያላቸው በመሆናቸው በሐኪም ቤትና በትምህርት ቤት መዝገብ በሌላ ዘር እየተጻፉ፣ ለሚፈልጋቸው ሰው እንኳ የማይታዩ ሆነው ይኖራሉ። ከባሕር ማዶ በትናንትናው ቀን የመጣን እኛ በስማችን የሚጠራ ሰፈር ሲኖረን፣ ባለ ርስቶቹ የላቸውም፤ ይህ ነገር ፌርፋክስ ላይ በቆምሁ ቍጥር ልቤን ይነካው ነበር።

ወደ ከተማዋ ከመጡት ነባር ሰዎች አንዱ ሮበርት ሰንዳንስ በሚል ስም የታወቀው፣ ከስታንዲንግ ሮክ የመጣ የላኮታ ሰው ነው። ስኪድ ሮው በሚባለው የድኾች ሰፈር በስካር ምክንያት በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ተይዞ ከታሰረ በኋላ፣ በእስር ቤት ሕግ አጥንቶ፣ በ1975 ከተማውን ከሰሰ፤ ሰካራምን እንደ ወንጀለኛ ሳይሆን እንደ ሕመምተኛ ማየት እንደሚገባ የተከራከረበት ይህ ጉዳይ በ1986 እስከ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ የፖሊሱን አያያዝ አሻሻለ። በዚያው በስኪድ ሮው በ1974 የተመሠረተው ዩናይትድ አሜሪካን ኢንዲያን ኢንቮልቭመንት የተባለው ድርጅት ለጐዳና አዳሪው የምግብና የማረፊያ ርዳታ በመስጠት ጀምሮ፣ ዛሬ ሐኪም ቤት፣ የወጣቶች ክፍልና የቤተሰብ ምክር አገልግሎት ያለው ሆኗል፤ ከክፍሎቹም አንዱ በዚህ በሰንዳንስ ስም ተሰይሟል። በ1850 የሰኞው ጨረታ ሲያሠቃየው የነበረውን ሕዝብ ከ100 ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ፣ በዚያው በስካር ሰበብ እስራት ሲያሳድደው፣ ነገሩን ያሻሻለው ከራሱ ከታሳሪዎቹ መካከል የወጣ ሰው መሆኑ ታላቅ ነገር ነው።

እንዲህ ያለውን የቤተሰብ አገልግሎት ውስጡን ያስረዳችኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን አንዲት የአገሬ ልጅ ናት። የጎንደር ተወላጅ ናት፤ በማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ ተምራ፣ ለብዙ ዓመታት ወደ ነባር ሕዝብ ቤተሰቦች እየሄደች ታገለግላለች። ከቅዳሜዎቹ በአንዱ ፌርፋክስ ላይ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ፣ «እኅቴ፣ እነዚህ ሰዎች በራቸውን ለእንግዳ እንዴት ይከፍታሉ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ በሩን የሚከፍቱት እንደ አመጣጣችን ነው» ብላ ነገሩን ከሥሩ ጀመረችልኝ።

የመንግሥት መኪና ከደጅ ሲቆም ሴት አያቲቱ ልጆቹን ወደ ጓዳ የምትሰድደው ክፉ ሆና አይደለም፤ እርሷን ወይም እኅቷን በልጅነቷ የወሰዳት እንዲህ ያለ መኪና ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ በዘመድ በኩል መልእክት ይልካል፤ ፎርሙንና ብእሩን በከረጢቱ ይተዋል፤ ባዶ እጁን አይሄድም፤ የሚበላ ነገር ሲቀርብለትም አይግደረደርም። ወጣቱ ልጅ ታሞ ወይም ከትምህርት ቤት ቀርቶ እንደ ሆነ እንኳ፣ ንግግሩ ከወጣቱ አይጀምርም፤ ከትልቋ ይጀምራል። ዝም ባለች ጊዜ ዝምታዋን በጥያቄ መሙላት አይገባም፤ ብዙ ሠራተኞች የሚሰናከሉት በዚህ ነው አለችኝ። ዓይኑን የጣለ ልጅ በትምህርት ቤቱ ሰነድ «ግድ የለሽ» ተብሎ ሲጻፍ፣ በእናቱ ዘንድ ግን ታላቅን ያከበረ ልጅ ነው፤ ይህን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት አያስፈልግም።

አንዲት የናቫሆ አሮጊት የነገረቻት ነገር በተለይ አስደነቀኝ። የናቫሆ ሰው ራሱን ሲያስተዋውቅ ስሙን ተናግሮ አያበቃም፤ የእናቱን ጎሣ፣ ቀጥሎ የአባቱን፣ ቀጥሎ የእናቱን አባትና የአባቱን አባት ጎሣ ይቆጥራል፤ ሰሚውም በዚያ ቆጠራ ዘመድነት መኖሩን ይመረምራል። አሮጊቲቱ ይህን ቆጥራ ስታበቃ፣ «አንቺስ የማን ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት። የጎንደሯ ልጅም ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጣትን መታወቂያ ማሳየቷን ትታ፣ አባቷ በልጅነቷ እንዳስጠኗት ሰባት ቤቷን እስከ መጨረሻው ቆጠረችላት። አሮጊቲቱም ቃሉን ባትረዳውም ጉዳዩን ተረድታ፣ ከጓዳ የልጅ ልጆቿን ጠርታ፣ «ኑ፣ ይህችን ስሙ፣ ከሩቅ አገር መጥታ አያቶቿን ታውቃለች» አለቻቸው። ለሦስት ወር ከማንም ሐኪም ጋር አልነጋገርም ብሎ የነበረው የ16 ዓመቱ ወጣት በዚያ ቀን ከሴት አያቱ አጠገብ ተቀመጠ።

ለነባሩ ሕዝብ ወጣቶች የሚደረገው ጉባኤም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የነባሩ ሕዝብ ባለሙያዎች ያዘጋጁት፣ በአብዛኛው አራት ቀን የሚቆይ የማሰባሰቢያ ሥርዓት አላቸው፤ በመጀመሪያው ቀን ወጣቱ የማን ወገን እንደ ሆነ እንዲያውቅ፣ በሁለተኛው ሙያና ችሎታውን እንዲያገኝ፣ በሦስተኛው አንዱ ያለ ሌላው መኖር እንደማይችል እንዲማር፣ በአራተኛው ደግሞ እርሱ በተራው ሰጪ እንዲሆን ይደረጋል። ስለ መጠጥና ስለ ራስ ማጥፋት የሚነገረው ምክር በዚህ መካከል ይገባል እንጂ ፊት ለፊት አይቀድምም። ከበሮ አለ፤ የዶቃ ሥራ አለ፤ በክብ ተቀምጦ ተራ በተራ መናገር አለ፤ ቤተሰቡም ከሩቅ ሰፈር በመኪና ተሰብስቦ ይመጣል፤ ጎዳና የሌለው ሕዝብ ለጥቂት ቀን ጎዳናውን የሚያገኘው በዚያ ጉባኤ ውስጥ ነውና። በኒኮላስ ሆሴ ዘመን የተከለከለው ዓይነት ሥርዓት ዛሬ ለሕክምና ተመልሶ መጠራቱን ሳስብ፣ ቶይፑሪናን በልቤ አሰብኋት።

እኛም በአገራችን ይህን ጥበብ ስናውቅ የኖርን ነን፤ ስንረሳውም የጐዳነው ሰው ጥቂት አይደለም። ከሮም ግዛት የመጡት ተሰዓቱ ቅዱሳን ወንጌልን ይዘው ሲገቡ፣ ሕዝቡ የእነርሱን ቋንቋ እስኪማር አልጠበቁም፤ ራሳቸው ግዕዝን ተምረው መጻሕፍትን መለሱ፤ ስማቸውም የአገር ስም እስኪመስል ድረስ ከሕዝቡ ጋር ኖረው አረፉ። ተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብም በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ሙሉውን አሳተመ፤ ያ ሥራው ግን ለረጅም ዘመን በቤተ መንግሥትና በትምህርት ቤት ተገቢውን ቦታ ሳያገኝ ቆየ፤ ስንት ሕፃን በማያውቀው ቋንቋ ፊደል እየቆጠረ፣ ዝም ማለቱ ድንቁርና ተብሎ ተቀጥቷል! በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች መጻሕፍትን ማዘጋጀቱ፣ ያን ዘመን በሌላ በምንም ብንወቅሰው፣ በዚህ ነገር ምስጋና ይገባዋል። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም፣ ቍጥራቸው ከ30,000 በላይ የደረሰው እነዚያ ወጣት ሴቶች፣ የተመረጡት ከዚያው ከመንደሩ ነው፤ የእናቲቱን ጓዳ፣ የአማቲቱን ኩራት፣ የምንጩንም መንገድ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ክትባቱ ከከተማ በመጣ ሹም ትእዛዝ ሳይሆን በጎረቤት ልጅ ቃል ወደ ቤት ገባ።

በሎስ አንጀለስ ደግሞ ከሜክሲኮ ከኦዋሃካ ግዛት የመጡ የዛፖቴክ ሕዝቦች በብዛት ይኖራሉ። መንግሥት እስፓኝኛ ተናጋሪ አድርጎ ስለሚቆጥራቸው፣ በሆስፒታልና በፍርድ ቤት በማያውቁት ቋንቋ ሲጠየቁ ኖረዋል። ሲዬሎ የተባለውን ማኅበር በ2016 የመሠረቱት ሴቶች ከዚያው ሕዝብ የተወለዱ ናቸው፤ አስተርጓሚዎችን አሠልጥነው፣ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ስለ በሽታው የሚነገረውን ለየሕዝቡ በየቋንቋው አደረሱ። ይህንም ስሰማ ቀድሞ ሳውቀው የኖርሁት የስደተኛ ኢትዮጵያዊት እናት ችግር ትዝ አለኝ፤ ልጇ በእንግሊዝኛ፣ እርሷ በአማርኛ፣ ሐኪሙ በወረቀት ሲነጋገሩ፣ በመካከል ያለችው ሕመምተኛ ሳትሰማ ትቀራለች።

በከተማው ምዕራብ፣ በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ቶንግቫዎች ኩሩቩንግና የሚሉት ምንጭ አለ። በ1769 የእስፓኞቹ ጓድ ሲያልፍ የሰፈረው በዚህ አጠገብ ነው። የትምህርት ቤቱ ሕንፃ ከተሠራ በኋላ ስፍራው ለብዙ ዘመን ተረስቶ፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ የቶንግቫ ቤተሰቦችና ወዳጆቻቸው ማኅበር አቋቁመው ጠርገው ይጠብቁታል፤ ውኃው ግን በዚያ ሁሉ ዘመን መፍሰሱን አላቋረጠም። እኔም ስደርስ ያለ ማንም ትእዛዝ ጫማዬን ለማውለቅ እጄ ወደ ማሰሪያው ሄደ፤ ጠበል አጠገብ የቆመ ኢትዮጵያዊ ሌላ ምን ያደርጋል? በአቅራቢያው የነበሩ ሽማግሌ ያን አይተው፣ «በእናንተም አገር ውኃ ይከበራል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ስለ እንጦጦ ማርያምና ስለ ግሸን ስነግራቸው ሳያቋርጡ ሰሙኝ፤ በመጨረሻም፣ «ልጆቻችሁንም ወደዚያ ትወስዷቸዋላችሁ?» አሉኝ። የሽማግሌው ጭንቀት ያለው እዚህ ላይ መሆኑን ያወቅሁት በዚያን ጊዜ ነው፤ ምንጩን በአጥር ማዳን ይቻላል፤ ከምንጩ ዳር የሚቆም ልጅ ካልተገኘ ግን ውኃውን ማን በስሙ ይጠራዋል?

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ፌርፋክስ ተመልሼ ለሱቅ ባለቤቶችና ለአንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ባወራ፣ ነገሩ ከጠበቅሁት በላይ አነጋገራቸው። የእንቍጣጣሽ በዓል በየሴፕቴምበሩ በዚያ ጎዳና ሲከበር፣ ዘንድሮ ከቶንግቫ ሽማግሌዎች አንዱ መጥተው እንዲመርቁን ብንጠይቅ አልኋቸው። አንዱ አባት፣ «ምርቃቱ ደግ ነው፤ ነገር ግን ጥሪውን እንደ ትርኢት እንዳያዩት እፈራለሁ» አሉ። የጎንደሯ ልጅም፣ «አባቴ፣ ፍርሃትዎ ትክክል ነው፤ መጀመሪያ ለበዓሉ አንጠራቸውም፤ ምንጩ ለሕዝብ በሚከፈትበት ቅዳሜ እኛ ሄደን ደጅ እንጠናቸው፤ ልጆቻችንንም እንውሰድ፤ እንግሊዝኛውን ልጆቹ ይችሉታል፣ ወግ ማዕርጉን እናንተ» አለቻቸው። ማን ይሂድ፣ ካህን ይኑር አይኑር፣ ስንት ልጅ ይበቃል በሚለው ብዙ ተከራከሩ፤ በመጨረሻም ሦስት ሽማግሌዎችና ሰባት ወጣቶች እንዲሄዱ ተስማሙ። አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው፣ ድፎ ዳቦ በኮባ ጋግሬ እሰድዳለሁ ብለው ተነሡ፤ ወዲያውም ቆም ብለው፣ «ደግሞ ስንዴ ይበሉ እንደ ሆነስ በምን አውቃለሁ?» አሉ። ከወጣቶቹ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሊፈልግላቸው ሲል፣ ሴትዮዋ እጁን ያዙና፣ «ተወው ልጄ፤ ስንደርስ ራሳቸውን እንጠይቃቸዋለን፤ እስከዚያው ዳቦውን ልጋግር» አሉት።